"ቲቸር፣ ቮልቱ ግማሽ ሆነብኝ"

ዛሬ ትንሽ ረዘም ያለ ነገር ልጽፍ ነው፤ ቡና ያላችሁ ያዙ።

መስቀል ሲደርስ በኛ አገር ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። አዲስ አበባም ይሁን ሌላ ቦታ የሚኖረው ጉራጌ ወደ ቤቱ ይመለሳል፣ መንገዱ በመኪና ይሞላል። ጋራዥ የሚሠራ ሰው በዚያ ሰሞን እንቅልፍ የለውም። ክረምቱን ቆሞ የከረመ መኪና ሁሉ በዚያ ሳምንት ነው ተነስ የሚባለው፤ ባትሪው ግን ሞቶ ይጠብቃል።

ቡታጅራ አንድ ጋራዥ ውስጥ የሚሠራ የድሮ ተማሪ አለኝ። 10ኛ ክፍል ፊዚክስ አስተምሬዋለሁ። ኋላ ወንበር ላይ የሚቀመጥ፣ ብዙ የማይናገር ልጅ ነበር። እኔ አሁን ወልቂጤ ነኝ። ባለፈው ዓመት መስቀል 10 ቀን ያህል ሲቀረው ማታ ደወለልኝ።

"ቲቸር፣ ትልቁ ቻርጀር ቮልት አነሰው። 24 ይሰጥ የነበረው፣ ባትሪ ሳላገናኝ ስለካው 12 ሆነብኝ።"

ይሄ ቻርጀር በጎማ የሚገፋ፣ ከባድ ትራንስፎርመር ያለው የድሮ ዕቃ ነው። የጭነት መኪና ባትሪ የሚሞላው እሱ ነው፤ የጋራዡ እንጀራ በሉት። እኔ ደግሞ የተማሪ ስም ዝርዝር እየጻፍኩ ነበር። እስክሪብቶዬን እንኳን ሳላስቀምጥ "ትራንስፎርመሩ ነዋ! ጥቅልሉ ተቃጥሏል" አልኩት።

ስልኩ ላውድ ላይ ነበር ለካ። የጋራዡ ባለቤት ከጎኑ ቆመው ሲሰሙ ነበር።

"ይኸው! አስተማሪህ ራሱ መሰከረ። ሌሊቱን ሙሉ እየተውከው አቃጠልከው!" ሲሉ ሰማሁ። ትራንስፎርመሩ አዲስ አበባ ሄዶ እንደገና ይጠቀለላል፣ ወጪው ከልጁ ደሞዝ በየወሩ ይቆረጣል ተባለ። ልጁ ለመስቀል ቅርጫ ገብቷል፣ እናቱ ቤት የሚገባው ሥጋ የሱ ነው። "እሺ ቲቸር፣ አመሰግናለሁ" ብሎ ዘጋው።

እራቴን በላሁ። ተኛሁ። ግን 12 የምትለው ቁጥር አላስተኛ አለችኝ። ከ24 ላይ 12፤ ልክ ግማሽ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ከግድግዳው 220 ቮልት ይገባል፣ ትራንስፎርመሩ ወደ 28 አካባቢ ያወርደዋል። ይሄ ግን በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ኮረንቲ ስለሆነ ባትሪ አይሞላም። 4 ዳዮዶች ሁለቱንም ግማሽ ይዘው ወደ አንድ አቅጣጫ ያሰልፉታል። ከአራቱ አንዱ ከተቋረጠ ግማሹ ይጠፋል፣ ቴስተሩም ግማሽ ያነባል። የተቃጠለ ትራንስፎርመር እኮ እንዲህ በልክ አይቆርጥም፤ ያጉረመርማል፣ ይግላል፣ ይሸታል፣ ፊውዝ ይበላል። ይሄን ሰሌዳ ላይ ስንት ዓመት ሥያለሁ! (እውነቱን ልናገር፣ ዲፕሎማዬን ስማር አንድም ቀን የቻርጀር ክዳን ከፍተን አናውቅም፤ ሥዕሉን ነው የገለበጥነው።)

ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ መልሼ ደወልኩ። "ዳዮዶቹ ጋ ከመድረሱ በፊት፣ ከትራንስፎርመሩ የሚወጣው ስንት ነው?"

"28። ደብተር ላይ ጽፌዋለሁ ቲቸር።"

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

ዝም አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ "አልጠየቁኝም" አለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ሚኒባስ ይዤ ቡታጅራ ሄድኩ። ቻርጀሩን ከግድግዳው ነቅለን፣ ባትሪውን አላቀን ክዳኑን ፈታን። ሦስቱ ዳዮዶች በአንድ በኩል ያሳልፋሉ፣ በሌላው ይዘጋሉ፤ ደህና ናቸው። አራተኛው በሁለቱም በኩል ዝም። ከሥሩ ያለው ብሎን ላልቷል፣ ዙሪያው ያለው አሉሚኒየም ጠቁሯል፣ ላዩ ዘይትና አቧራ ተጋግሮበታል። ብሎኑ ሲላላ ሙቀቱ ወደ አሉሚኒየሙ አይሄድም፣ ዳዮዱ እዚያው ይጠበሳል። የማን ጥፋት ነው? የዓመታት። ባለቤቱ ጎንበስ ብለው አዩና ምንም ሳይሉ ሄዱ።

ምትክ ዳዮድ ከአንድ የሞተ ቻርጀር ላይ አገኘን። በመልክም በመጠንም መንታ ነው። ላስረው ስል ልጁ እጄን ያዘኝ። "ቲቸር፣ ቀስቱን ይዩት።" እነዚህ ባለ ብሎን ዳዮዶች ሁለት ዓይነት ናቸው፣ አንዱ ወደ ብሎኑ ያሳልፋል፣ አንዱ ከብሎኑ። ከላይ ሲታዩ አንድ ናቸው፣ የሚለያቸው ጎናቸው ላይ ያለችው ትንሽ ቀስት ናት። ያንን አስሬ ባበራው ኖሮ ሌሎቹንም ይዟቸው ይሄድ ነበር። ከዚያው ከሞተው ቻርጀር ትክክለኛውን ፈታን፣ አሰርን፣ ለካን። 24። ደስ አለን።

ማታ 1 ሰዓት ላይ ባለቤቱ መጥተው ራሳቸው ሲለኩ ከ20 በታች ሆነ። ወደኔ ዞር ብለው ያዩኝን አስተያየት አልረሳውም። እኔ አላበኝ። ልጁ ቴስተሩን ተቀብሎ የግድግዳው ሶኬት ላይ ሰካው። 180! ከተማው ሁሉ ምጣድ የሚጥድበት ሰዓት ነው፤ የሚገባው ሲቀንስ የሚወጣውም በዚያው ልክ ይቀንሳል።

ከዚያ ደብተሩን አወጣ። የሳምንቱን የሶኬት ቮልት በየሰዓቱ ጽፎታል። ማታ 1 ሰዓት 180፣ 178። ከምሽቱ 5 ሰዓት በኋላ 215።

"ለዚህ ነው ጋሼ ትልልቆቹን ሌሊት የማሞላቸው። ማታ አይሞሉም።"

ሌሊት ሙሉ ትተኸው አቃጠልከው የተባለበት ሥራ፣ ያ ቻርጀር በዚያ ሶኬት ላይ ሊሠራ የሚችልበት ብቸኛ መንገድ ነበር። ልጁ ትቶት አይሄድም፣ እዚያው ነው የሚያድረው። ባለ 12 ቮልቱ ባትሪ ከ14.4 እንዳያልፍ እየተነሳ ይለካል፣ መስኮቱን ይከፍታል፤ ባትሪ ሲፈላ የሚወጣው ሃይድሮጅን ነውና እዚያ ክፍል ውስጥ ሲጋራ የሚባል ነገር አያስገባም። (እናንተም ጋራዥ ያላችሁ፣ ቻርጀሩ በርቶ እያለ መቆንጠጫውን አትንቀሉ። ያቺ ብልጭታ ይበቃታል።)

ባለቤቱ ይቅርታ አላሉም። "ዳዮዱ ስንት ነው?" ብለው ከፈሉና ሻይ አስመጡልን። ደሞዙን ይቁረጡ አይቁረጡ ግን አልተናገሩም፣ እኔም ለመጠየቅ ፈራሁ። ወልቂጤ ተመልሼ ሳስበው ከረምኩ።

መስከረም 16 ማታ ደመራው ጋ ቆሜ ስልኬ ጮኸ።

"ቲቸር፣ ሙሉውን ሰጡኝ። እንኳን አደረሰዎ!"

"እንኳን አብሮ አደረሰን! ላውድ ላይ ነኝ እንዴ?"

ሳቀ። "አይ ቲቸር፣ ከዚያ ወዲህ እርስዎን ላውድ ላይ አላደርግም።"