ዓሣ የሌለው የዓሣ ቤት

በጨው ውሃ ዓሣ የሚያረቡ ሰዎች ከባህር «ሕይወት ያለው ድንጋይ» ያስመጣሉ። ላዩ ላይ የሞተው ነገር በስብሶ ሽታው እስኪጠፋ ሳምንታት ይዘፈዝፉታል። ሀብቱ ቀዳዳው ውስጥ የተረፈው ባክቴሪያ ነው። እኛ ደግሞ፣ ወገኖቼ፣ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ ባህር የለንም። ስለዚህ ጦር ኃይሎች፣ እኛ ሳሎን ያለው ገንዳ የቧንቧ ውሃ ነው (ክሎሪኑ እንዲወጣ በባልዲ ያደረ)፤ ድንጋዩም መንገድ ላይ የሚደፋው ሬድ አሽ። ታጥቦ ሲገባ ሕይወት የለውም፤ ቀዳዳው ግን ለባክቴሪያ ኮንዶሚኒየም ነው።

ተከራዮቹ ገብተው እስኪበዙ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። የዓሣ ኩስ አሞኒያ ያወጣል፤ አሞኒያ ይገድላል። አንዱ ባክቴሪያ ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል፤ እሱም ይገድላል! ሌላው መጥቶ ናይትሬት ሲያደርገው ነው ዓሣ እፎይ የሚለው። እስከዚያ እኔ ቁንጥር የዓሣ ምግብ እየበተንኩ ባዶ ውሃ እቀልባለሁ። እናቴ ለጎረቤት «ልጄ ውሃ ያረባል» ብላ አስወርታልኛለች።

በአራተኛው ሳምንት መብራት ሄደ። ፓምፑ ሲቆም ኦክስጅን ይቀንሳል፤ ባክቴሪያው ካለቀ ደግሞ እንደገና ከዜሮ። ታናሽ እህቴ ላልተገዙት ሦስት ዓሣዎች ስም አውጥታ ጨርሳለች። ሌሊቱን በየተራ በጆግ እየቀዳን ከላይ ስናንቆረቁር አደርን። መብራቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መጣ። አሁን የመመርመሪያውን ጠብታ ጨምሬያለሁ፤ ቀለሙ እስኪወጣ አምስት ደቂቃ። ሰዓቱን እህቴ ይዛለች።