መርዶ የደበቅናት እናታችን

እዚህ ካኩማ የሰፈራችን ሰው ሁሉ «እቴቴ» እያለ የሚጠራት እናታችንና አያታችን ካረፈች እነሆ አርባ ቀን አለፈ። ቤታችን ድረስ መጥታችሁ ያጽናናችሁንን ለማመስገን ብዕር አንስተናል። ነገር ግን ምስጋና ብቻ ጽፈን ከምናልፍ፣ ከእሷ ጋር በሕይወት ሳለች የሆነውን አንድ ነገር ብናወራችሁ ለሌላውም ይጠቅማል ብለን አሰብን። ነገሩ የመርዶ ነገር ነው።

እቴቴ የተወለደችው ጉራጌ አገር፣ እምድብር አካባቢ ነው። ዕድሜዋን ስትጠየቅ «ጣልያን በወጣ ዓመት» ከማለት በቀር ሌላ አታውቅም። ካቶሊክነቷን ከእናት ከአባቷ ነው የወረሰችው። ፊደል አልቆጠረችም፤ ጸሎቱን ግን በቃሏ ትወጣው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 እምድብር ሀገረ ስብከት ሆነ የሚል ወሬ እዚህ ሲደርስ፣ ውሃ ወረፋ ላይ ጀሪካኗን አስቀምጣ እልልታዋን አቀለጠችው። ሱዳናውያኑ ሴቶች ሠርግ መስሏቸው አብረዋት እልል አሉ።

ወደ ስደት የወጣችው አስባበት አይደለም። በ1983 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ፣ ነገሌ ቦረና የምትኖረው ልጇ ወለደችና ልታርሳት መጣች። «አርባ ቀን አርሼ እመለሳለሁ» ብላ የገንፎ ዱቄቷንና ቅቤዋን ተሸክማ፣ ትንሿን ልጇን አስከትላ ነው የመጣችው። ወንዱን ልጇን አዲስ አበባ ተወችው። አርባው ሳይሞላ ግንቦት ላይ መንግሥት ተለወጠ። አማቿ ወታደር ነበር፤ የሚሆነው ስላልታወቀ ቤተሰቡ በሙሉ መንገድ ጀመረ። እቴቴም ሕፃኑን አዝላ፣ አራሷን ደግፋ በሞያሌ በኩል ኬንያ ገባች። መጀመሪያ ዋልዳ ካምፕ ቆየን፤ ከዚያ በመኪና ተጭነን ወደዚህ መጣን። አገሬ ልግባ ብትል ማንም አይከለክላትም ነበር። እሷ ግን «አራሴን ሜዳ ላይ ጥዬ ወዴት?» አለች። ልጇ ሦስት ከደገመች በኋላም ያው «አራሴ» ነው የምትላት። እንዲህ እንዲህ እያለ የአርባ ቀኑ እንግድነት ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆነ።

እዚህ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴው በስዋሂሊና በእንግሊዝኛ ነበር። ሁለቱንም አትሰማም። «ታዲያ ምን ይገባሻል?» ስንላት «ቁርባኑ ከፍ ሲል ደግሞ ምን ቋንቋ ያስፈልገዋል?» ትለን ነበር። ገናን ሁለት ጊዜ ነው የምታከብረው፤ አንዴ ከቤተ ክርስቲያኗ ጋር ታኅሣሥ 16፣ አንዴ ከሰፈሩ ጋር ታኅሣሥ 29። መጀመሪያ ላይ «ካቶሊክ ናት» ብለው ራቅ የሚሏት እናቶች ነበሩ፤ አይደብቁትም፣ አሁን ራሳቸው እየሳቁ ያወሩታል። በሰፈሩ የወለደችውን ሁሉ፣ ኦርቶዶክስ ትሁን እስላም፣ ከራሽኗ ዱቄት ገንፎ እያገነፋች ስታርስ ጊዜ ግን ማን ይራቃት?

ወደ ነገራችን እንመለስ። በ1993 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ስማችን የቀይ መስቀል ደብዳቤ ከመጣላቸው ጋር ሰሌዳ ላይ ወጣ። እንደምታውቁት የቀይ መስቀል ደብዳቤ አይታሸግም፤ እዚያው ቆመን አነበብነው። አዲስ አበባ የቀረው ወንድማችን ታሞ አርፏል፣ ቀብሩም አልፏል ይላል። የጻፈው የአጎታችን ልጅ ነው።

በዚያ ሰሞን እቴቴ ከወባ ገና ማገገሟ ነበር። «አሁን ብትሰማ ትሞትብናለች» ተባባልን። ቤት ስንገባ «ምን ይላል?» አለችን። «ሁሉም ሰላም ናቸው ይላል፤ እሱም ሰላም ነው፣ ሥራ በዝቶበት ነው ሌላ ሰው ያጻፈው» ብለን አነበብንላት። ሰውዬው ያልጻፈውን ከወረቀቱ ላይ እያየን ማንበብ! ከዚያ በኋላ ሁለት ደብዳቤ መጣ፤ ሁለቱም ላይ የሟቹን ሰላምታ ከራሳችን ፈጥረን ጨመርን። እሷም «እግዜር ይመስገን» ብላ መቁጠሪያዋን ታነሣለች። ዛሬ ነገ እያልን ስድስት ወር ሞላን። ልቅሶ መቀመጥ ስለማንችል የምናለቅሰው ማታ ማታ፣ ታራች ወንዝ ዳር እየወረድን ነበር።

ጥቅምት መጨረሻ፣ በፈረንጆቹ ኖቬምበር ሲገባ፣ ካቶሊኮች ሙታኖቻቸውን የሚያስቡበት ወር ነው። የሙታን ስም ተጽፎ ለቤተ ክርስቲያን ይሰጥና ይጸለይላቸዋል። እቴቴ መጻፍ ስለማትችል የምታስጽፈው ያን በጀርባዋ አዝላ ያመጣችውን ልጅ ነው፤ ያኔ አሥር ዓመቱ ነበር። ልጁ ከትምህርት ቤት ደብተሩ ቀዶ ጽፎላት ሲያበቃ ወደ እኛ መጣና «አጎቴ ሞቷል እንዴ?» አለን። ወረቀቱን ተቀብለን አየነው። አባቷ፣ እናቷ፣ ባሏ፣ ከዚያ የወንድማችን ስም።

ሁላችንም ተያይዘን እግሯ ላይ ወደቅን። እሷ እንኳን አልደነገጠችም።

«ልጄ ደብዳቤ ሲልክ መጀመሪያ ‹የእናቴን ጉልበት ሳሙልኝ› ሳይል ጽፎ ያውቃል?» አለችን። «እናንተ ሰላም ነው ብቻ ብላችሁ አነበባችሁልኝ። የዚያን ቀን ነው የገባኝ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«እናንተ ለእኔ ብላችሁ ዋሻችሁ፤ እኔ ደግሞ ተጨንቃችሁ ሳይ ለእናንተ ብዬ ዝም አልኩ። አሁን ግን የሙታን ወር ገባ። እናንተ በሕይወት አለ ካላችሁ፣ እኔም አለ እንዳልኩ ከሆንኩ፣ ለልጄ ማን ይጸልይለት? ሙት እኮ ጸሎት ይጠብቃል።»

እኛ ያዘንንላት መስሎን ነበር። ለካስ ለእሷ ልቅሶዋን፣ ለወንድማችን ጸሎቱን ነው የነጠቅነው። ስድስት ወር ሙሉ በአንድ ሸራ ቤት ውስጥ እሷ ለብቻዋ፣ እኛ ለብቻችን አለቀስን።

በማግስቱ ልቅሶ ተቀመጥን። የራሽኑ በቆሎና ባቄላ ተቀቅሎ ንፍሮ ሆነ። ካቶሊክ ናት ያሉት እናቶች ቀድመው መጥተው ድንኳን የምትሆን ሸራ ወጠሩ፤ እስላሟ ጎረቤታችን ቡና እያፈላች ሰነበተች። እቴቴ ልጇን እያነሣች፣ ሙያውን እየጠራች እስኪወጣላት አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ ነው ፊቷ የተመለሰው።

ስለ ራሷ ሞት ስታነሣ አትፈራም። እምድብር ከባሏ ጎን ለመቀበር እንደምትመኝ እናውቃለን። እኛ ስንጨነቅ ግን የአቡነ ያዕቆብን ታሪክ ታወራናለች። ከጣልያን አገር መጥተው በኢትዮጵያ ካቶሊኮችን ያስተማሩት አባት እ.ኤ.አ. በ1860 ያረፉት ተሰደው፣ ከምጽዋ በኩል ወደ ደጋው ሲጓዙ፣ ቆላ ላይ መንገድ ዳር ነው። «ቅዱሱም በረሃ ላይ ነው የሞቱት፤ እግዜር የበረሃውን መንገድ አያጣውም» ትላለች። እውነትም ወደ አገር ለመውሰድ አቅሙም ወረቀቱም አልነበረንም። ቄሱ መጥተው ቀንዲል ቀብተዋት፣ ቆርባ፣ «አራሴ» የምትላት ልጇ እጇን ይዛ አረፈች። መቁጠሪያዋን በእጇ አድርገን እዚሁ ካኩማ አፈር አለበስናት።

አሁን ያ ጥያቄ በእኛ ላይ ተመልሶ መጣ። ትንሿ እህታችን አውስትራሊያ፣ ሜልበርን ናት። ብቻዋን ትኖራለች፣ የማታ ሥራ ትሠራለች። ከዘመድ «አሁን አትንገሯት፤ ፈቃድ እስክትወስድ ይቆይ» ያሉ ነበሩ። እኛ ግን ይህን ትምህርት አንዴ በውድ ገዝተነዋል። ስልክ ደውለንም በባዶ ቤት አልጣልንባትም። ከዚሁ ካምፕ የሄዱ፣ እቴቴ ያረሰቻቸው ሁለት እናቶች እዚያው ከተማ አሉ። ለእነሱ ነገርን። ወሬው በፌስቡክ እንዳይቀድማቸው በዚያው ሌሊት ተነሥተው፣ ከሥራ ስትገባ ደጇ ላይ ጠበቋት። እንደ አገራችን ወግ አስቀምጠው አረዷት። እኛ የደወልነው ከዚያ በኋላ ነው። አልቅሳ አልቅሳ «ዓይኗን ማን ከደነው? ቆርባለች?» አለች። ሁሉንም ነገርናት። ከዚያ ስልኩን መሃላችን አድርገን እነሱ እዚያ፣ እኛ እዚህ፣ የመቁጠሪያውን ጸሎት አብረን አደረስን።

ውድ ወገኖቻችን፣ ስደተኛ ሆኖ መርዶ የማይደርሰው የለም። ሰው ሳታዘጋጁ በስልክ አትርዱ፤ ፈልጋችሁ አጠገቡ ሰው አኑሩለት። ደብቃችሁ ግን አታቆዩት፤ ልቅሶው የእሱ ነው።

ሳጥኑን ለሠራችሁ፣ መቃብሩን ለቆፈራችሁ፣ በየቤታችሁ እንጀራ ጋግራችሁ ላመጣችሁ፣ በየእምነታችሁ ለጸለያችሁላት ሁሉ እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈል። ያ አሥር ዓመቱ የነበረው ልጅ ዛሬ የልጆች አባት ነው። ኖቬምበር ሲገባ ዝርዝሩን የሚጽፈው እሱ ነው፤ ከአጎቱ ስም ቀጥሎ የእሷን ያገባል። ነፍሷን በአብርሃም አጠገብ ያሳርፍልን። አሜን።

ልጆቿና የልጅ ልጆቿ
ካኩማ