ብረቱ ብቻውን አይናገርም

ልጆችህን ይዘህ ነቀምቴ ብትገባና የወለጋ ሙዚየምን ብትጎበኝ፣ የጣሊያኑን አውሮፕላን ስብርባሪ ምን ብለህ ታስረዳቸዋለህ? ብዙ ሰው «ጥቁር አንበሶች ከሰማይ ያወረዱት» ብሎ ያልፋል። የጥቁር አንበሳ ጦር ዝነኛ ድል ግን የተገኘው በምድር ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ጣሊያን አዲስ አበባን ያዘ፤ ምዕራቡ ግን ገና አልተያዘም ነበር። ሰኔ 19 ቀን ሦስት የጣሊያን አውሮፕላኖች በነቀምቴ አቅራቢያ ቦነያ በተባለ ሜዳ ላይ አረፉ። የመጡት 13 ሰዎች ሲሆኑ ከነሱም አንዱ ጄኔራል ቪንቼንዞ ማልዮኮ ነበር። ዓላማቸው የአካባቢውን መኳንንት አግባብቶ አገሩን መያዝ ነው። በዚያው ሌሊት የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ወጣቶች የሚገኙበት የጥቁር አንበሳ ጦር ደረሰባቸው። አውሮፕላኖቹ ተቃጠሉ፤ 12ቱ ሞቱ። የተረፈው አንድ ሚሲዮናዊ ቄስ ብቻ ነው።

ታዲያ ለልጅ ድሉን ብቻ ነግሮ ማቆም ይበቃል? እኔ አይበቃም እላለሁ። ያን ጊዜ አገሩ አንድ ልብ አልነበረም። ከወለጋ መኳንንት የእንግሊዝን ጥበቃ የጠየቁ ነበሩ። ጦሩም ከራስ እምሩ ጋር ተጉዞ ታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ጎጀብ አካባቢ እጁን ሰጠ። ከየካቲት 12 በኋላ ብዙዎቹ ወጣቶች ተገደሉ። ይህን የደበቀ ወላጅ ለልጁ ተረት እንጂ ታሪክ አላወረሰም።

የሟቹን ጄኔራል ስም ደግሞ ተመልከት! በሲሲሊ የሚገኘው የኮሚሶ አውሮፕላን ማረፊያ ለብዙ ዘመን በማልዮኮ ስም ሲጠራ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ2007 ማፊያ በገደለው በፒዮ ላ ቶሬ ስም ተሰየመ፤ በዓመቱ ወደ ማልዮኮ ተመለሰ፤ በኋላ ዳግም ለላ ቶሬ ተሰጠ። በእኛ በኩል «ጥቁር አንበሳ» የሚለው ስም አዲስ አበባ ውስጥ በሆስፒታልና በትምህርት ቤት ላይ ይነበባል። በዚያ ደጅ በየቀኑ ከሚያልፉት ስንቶቹ ቦነያን ያውቃሉ?

እንግዲህ ወንድሜ፣ እህቴ! ብረት ይዝጋል፤ የሚያስታውሰውም በአጠገቡ የሚናገር ሰው ሲኖር ነው። በቤታችሁ የጣሊያንን ዘመን ከወላጆቹ የሰማ ሽማግሌ ካለ፣ ዛሬ ከመግሪብ በኋላ ልጆቹን ሰብስቡና አስተርኩት። ድሉንም ሽንፈቱንም ሳያስቀር ይንገራቸው።