የጅሩ ሰንጋና የስሎቬኒያ ፈረስ

ስሎቬኒያ የምትባል ትንሽዬ የአውሮፓ አገር አለች፤ ሕዝቧ 2 ሚሊዮን ቢሆን ነው። የብሌድ ሐይቅ አላት፣ 2,864 ሜትር ከፍታ ያለው የትሪግላቭ ተራራም አላት። እኔን የገረመኝ ግን ፈረሷ ነው። ሊፒጻ በምትባል መንደር ከ1580 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፈረስ ያረባሉ። ሲወለድ ጥቁር የነበረው ውርንጭላ እያደገ ሲሄድ ይነጣል፤ ሰው ከሩቅ መጥቶ፣ ከፍሎ ያየዋል። በ2022 እ.ኤ.አ. ደግሞ የእርባታው ባህል ከሌሎች 7 አገሮች ጋር በዩኔስኮ ተመዘገበ። ልብ በሉ፤ የተመዘገበው ፈረሱ ሳይሆን የሰዎቹ እውቀት ነው።

እኛስ? የጅሩ ሰንጋ ለፋሲካ አዲስ አበባ ሲገባ የሚወራው ዋጋው ነው። አርሶ የደከመውን በሬ ቤት አስረው፣ ጭድና ጓያ እየቀለቡ ለወራት የሚያደልቡትን አባቶች ግን ማን ጠየቃቸው? የትኛው በሬ ሥጋ እንደሚይዝ ገበያ ላይ በዓይናቸው ይለያሉ። ይሄ ሙያ ከአባት ወደ ልጅ ነው የሚሄደው፤ ልጁ ደግሞ ከተማ ገብቷል።

ነገ የጀማን ሸለቆ ሊያይ እነዋሪ ለሚመጣ እንግዳ ገደሉንና ጭላዳውን ብቻ አናሳየው። የድሮ ተማሪዎቼ፣ ለበዓል ስትመጡ ሥጋውን በልታችሁ ብቻ አትመለሱ። ስልካችሁን አውጡና "አባባ፣ በሬ እንዴት ነው የሚመረጠው?" ብላችሁ ድምፃቸውን ቅዱ።