ፍላት ያልኩት ድምፅ

ጠቡ የተነሣው ሻይ ስንጠጣ ነው። ዶርማችን ውስጥ ስኳር ሲያልቅ ክርክር መጀመሩ መቼም የታወቀ ነው። ግማሹ «ጥላሁን ገሠሠ ሽቅብ ሲወጣ ማን ይደርስበታል!» ሲል፣ ግማሹ «አስቴር አወቀንስ የት ጣላችኋት?» አለ። እኔ ደግሞ ዐዋቂ ነኝ ባይ ስለሆንኩ፣ ስልኬ ላይ የጫንኩትን የድምፅ መለኪያ አውጥቼ «በሳይንስ እንፍረድ» አልኩ።

የጥላሁንን ካሴት አንዱ ልጅ ከአባቱ ቤት ባመጣው አሮጌ ቴፕ አጫወትን፤ አስቴርን ከስልክ። ባንዱ ጋብ ብሎ ድምፃቸው ለብቻው የሚወጣበትን ቦታ መርጬ ለካሁ። በጥላሁን ጊዜ መርፌዋ ወደ ግራ ዘመም አለች። «ፍላት ነው!» አልኩ፣ ጮክ ብዬ። አቤት የወረደብኝ! አንዱማ ጫማውን አነሣ።

ነገሩ ላልገባው አንባቢ ባጭሩ ልንገር። ብዙዎቻችን ሻርፕ ሲባል ቀጭን ድምፅ፣ ፍላት ሲባል ወፍራም ድምፅ ይመስለናል። አይደለም። ዘፋኙ ሊነካው ያሰበው አንድ ቦታ አለ፤ ካለፈው ሻርፕ፣ ሳይደርስበት ከቀረ ፍላት ነው። አብዛኛው ዓለም መሣሪያውን የሚቃኝበት «ላ» 440 ሄርትዝ ነው እንበል። በ450 የዘፈነው ሻርፕ፣ በ430 የዘፈነው ፍላት ሆነ። ቀጥሎ ያለው የፒያኖ ቁልፍ 466 ገደማ ስለሆነ፣ 10 ሄርትዝ ቀላል ስሕተት አይደለችም። አንድ ኦክታቭ ወጥተን 880 ላይ ስንደርስ ግን ያችው 10 ሄርትዝ በጆሮ ስትመዘን በግማሽ ትቀላለች። ስለዚህ ወንድና ሴት ዘፋኝ የሚወዳደሩት በሄርትዝ ሳይሆን በሴንት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1885 አሌግዛንደር ኤሊስ የተባለ እንግሊዛዊ ግማሽ ቶንን ለ100 ከፍሎ ያወጣው መለኪያ ነው። ላይኛው ድምፅ ላይ ትንፋሽ ካነሰ ይዘቅጣል፤ በጉልበት ከገፉት ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ1997 ኦቶቲውን ከመጣ ወዲህ ደግሞ ስሕተቱን ኮምፒዩተር ያርመዋል፤ የዛሬን ዘፋኝ ከድሮዎቹ ጋር ስናወዳድር ይህን የሚያነሣ ሰው አላጋጠመኝም።

ወደ ጠባችን ልመለስ። ክራር የሚመታ የዶርም ልጅ አለን፤ ብዙ አይናገርም። ስልኬን ተቀብሎ ቴፑ ላይ ያለውን ሳክስፎን ለካው። ግራ። ቤዙን ለካው። ግራ። ከዚያ ክራሩን ዝቅ አድርጎ ቃኘና አብሮ መታው፤ ከጥላሁን ጋር ልክክ አለ። «ሰውየው ምን አጠፋ? የቴፑ ሞተር ነው የደከመው» አለ። ቴፕ በመቶ 3 እንኳ ቢዘገይ፣ ዘፋኙም ባንዱም አንድ ላይ የግማሽ ቶን እኩሌታ ይወርዳሉ። ዘፋኝ ፍላት ሆነ የሚባለው ከሚያጅበው ሲለይ ነው እንጂ፣ አብሮ ሲወርድማ ምን ተብሎ!

ሁሉም ሳቀብኝ። እኔ ግን ሌላ ነገር ትዝ ብሎኝ ዝም አልኩ።

ባለፈው ዓመት ለአንድ የሙዚቃ ክበብ ዘፋኝ ስንመርጥ ከሦስቱ ፈራጆች አንዱ ነበርኩ። አንዲት ልጅ ያለ መሣሪያ በትዝታ ቅኝት ዘፈነች። ላይኛው ድምፅ ላይ ስትደርስ ይችኑ ስልክ አየሁና «ከፍታው ላይ ፍላት ነሽ» አልኳት፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት። «እሺ» ብላ ወረደች። ከዚያ ወዲህ ስትዘፍን የሰማት የለም።

የዚያን ዕለት ቅጂ አላጠፋሁትም ነበር። ሌሊቱን ብርድ ልብስ ተከናንቤ፣ ያኔ ያልለካሁትን ለካሁ፤ የመጀመሪያውን ድምፅዋን። 30 ሴንት ገደማ ዝቅ ያለ ነው። ላይኛውም 30 ገደማ። ከታች እስከ ላይ ሳትናወጥ የራሷን መነሻ ይዛ ወጥታለች። ያለ ክራር ለሚዘፍን ሰው መነሻው የገዛ ድምፁ ነው፤ ክራር ቢኖርም እኮ ለዘፋኙ ድምፅ ይቃኛል እንጂ ለ440 አይደለም። ፍላት ያልኳት ከማን ጋር አስተያይቼ ነው? እሷ ከማታውቀው፣ አዳራሹም ከማይሰማው ፒያኖ ጋር።

በማግሥቱ ቤተ መጻሕፍት በር ላይ ጠብቄ ሁሉንም ነገርኳት፤ ሴንቱንም ቴፑንም። መጽሐፎቿን እንዳቀፈች እስክጨርስ ሰማችኝ።

«እሺ፣ ለእኔስ ነገርከኝ» አለች። «ያን ቀን አዳራሽ ውስጥ ለነበሩትስ?»

ማን ማን እንደነበረ አላስታውስም። ስለዚህ እዚህ ጻፍኩት።