ሲከራከሩ ኖረው ሳይከራከሩ የሞቱት

እዚህ ካልጋሪ ሁለት ሐበሾች ቡና ይዘው ከተቀመጡ ሦስተኛው ዳኛ መሆኑ አይቀርም። ተከሳሹ ግን ብዙ ጊዜ በሕይወት የለም። ሰሞኑን ተራው የጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ነበር። አንዱ ወንድማችን «በክርክር ባሕር በር ያስገኙ ሰው ናቸው» ሲል፣ ሌላው «ወሎ ሲያልቅ የት ነበሩ?» አለና ጠረጴዛው ተጋጋለ። ቡናው ቀዘቀዘ፣ ፍርዱም ሳይሰጥ ተለያየን።

አክሊሉ የመሳፍንት ልጅ አልነበሩም፤ የካህን ልጅ ናቸው። በ1904 ዓ.ም. ተወልደው፣ እስክንድርያ በፈረንሳይ ሊሴ ተምረው፣ ፓሪስ ሄደው ሕግ አጠኑ። ጣልያን አገራችንን ሲይዝ እዚያው ፓሪስ በኢትዮጵያ ሌጋሲዮን ይሠሩ ነበር። እስቲ አስቡት፤ አገሩ የተወሰደበት መንግሥት ወኪል መሆን! በመስከረም 1929 ዓ.ም. ጄኔቭ ላይ የመንግሥታቱ ማኅበር የኢትዮጵያ መልእክተኞች የውክልና ወረቀት ይጽና አይጽና እያለ ይከራከር ነበር። ወረቀት! ይህችን ቃል ስደተኛ ሁሉ ያውቃታል። ያኔ ወረቀቱ ጸና፤ አገሪቱ ግን ገና አልተመለሰችም።

ከነጻነት በኋላ የሰውየው ሙያ ይኸው ነበር፦ በባዕዳን ሸንጎ ፊት ለኢትዮጵያ መከራከር። በ1937 ዓ.ም. ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የተባበሩት መንግሥታትን ቻርተር ለኢትዮጵያ ከፈረሙት አንዱ እሳቸው ናቸው። ከጦርነቱ በኋላ በፓሪሱ የሰላም ጉባኤ ከጣልያን ጋር ተሟገቱ። የኤርትራ ጉዳይ ዓመታት ወስዶ ኅዳር 23 ቀን 1943 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ46 ድምፅ ድጋፍ፣ በ10 ተቃውሞና በ4 ድምፀ ተአቅቦ ፌዴሬሽን ሲወሰን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ አክሊሉ ነበሩ። ጥይት አልተተኮሰበትም፤ በአንቀጽና በቃል ነው የተገኘው። ያው ፌዴሬሽን በኅዳር 1955 ዓ.ም. ሲፈርስ ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትሩ እሳቸው ነበሩ። ይህንንም ማንሳት አለብን፤ ደጋፊዎቻቸው እዚህ ላይ ሲደርሱ ቶሎ ወደ ሌላ ወሬ ይሸሻሉ።

እኔ እዚህ አገር ገና እንግዳ ሳለሁ የስደተኞች ቦርድ ፊት ቀርቤያለሁ። ያለኝ ሁለት ሻንጣና ለካልጋሪ ብርድ የማይረባ አንድ ኮት ነበር። ጠበቃ ቆመልኝ፣ አስተርጓሚ ተቀመጠልኝ። «ቀበሌ» ማለት ምን እንደሆነ ለማስረዳት ብቻ ግማሽ ሰዓት ፈጀን። ይህ ሁሉ ክብር ለእኔ ለማንም ለማላውቀው ሰው! ኋላ እንደተረዳሁት፣ የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1985 እ.ኤ.አ. በሲንግ ጉዳይ ላይ የስደተኛው ቃል ይታመናል አይታመንም የሚል ጥያቄ ካለ ቀርቦ በአፉ ይናገር፣ በወረቀት ብቻ አይዳኝ ብሎ ስለወሰነ ነው።

አክሊሉ ግን ይህን አላገኙም። በየካቲት 1966 ዓ.ም. ከሥልጣን ወረዱ፣ በሚያዝያ ታሰሩ። መርማሪ ኮሚሽን ተቋቁሞ ስለነበር እስር ቤት ሆነው እንደ ሕግ አዋቂ ብዕራቸውን አንሥተው መልሳቸውን ጻፉ። ከዓመታት በኋላ በመጽሐፍ ታትሞ የምናነበው ማስታወሻቸው እሱ ነው። ኮሚሽኑ ሥራውን ሳይጨርስ ግን ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ከ60 ያህል ሰዎች ጋር ተረሸኑ። «ፖለቲካዊ ውሳኔ» ተባለ። ወንድማቸው አካለ ወርቅም ከሟቾቹ መካከል ነበሩ። ዕድሜ ልኩን በሰው አገር ሸንጎ ሲሟገት የኖረ ሰው፣ በገዛ አገሩ አንድ ዳኛ አጣ።

ወገኖቼ፣ ንጹሕ ነበሩ እያልኩ አይደለም። በወሎ ሕዝብ በረሃብ ሲያልቅና ነገሩ ሲሸፈን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ማን ነበር? መጠየቅ ነበረባቸው፤ ምናልባትም ይፈረድባቸው ነበር። የሚቆጨኝ ይኸው ነው። እሳቸውን ያለ ፍርድ የገደለ ሰው የወሎን ሙታን አብሮ ያለ ፍርድ አስቀራቸው። ማን ምን ያውቅ ነበር? እህሉ የት ነበር? ዝም በሉ ያለው ማን ነው? ምስክር ቀርቦ መስቀለኛ ጥያቄ ቢጠየቅ ኖሮ መዝገብ ይኖረን ነበር። መዝገቡ ስለሌለ እኛ በ17ኛው ጎዳና ቡና ቤት ውስጥ፣ አንዳችን አቃቤ ሕግ ሌላችን ጠበቃ ሆነን፣ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላም እንጯጯሃለን።

አፅማቸው ከጅምላ መቃብር ወጥቶ በ1984 ዓ.ም. በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አረፈ። ገዳዮቻቸውስ? በታኅሣሥ 1987 ዓ.ም. ችሎት ተከፈተላቸው። የእነዚያ 60 ሰዎች ግድያም ከክሱ ውስጥ ነበረ። ጠበቃ ቆመላቸው፣ ምስክር ተሰማላቸው፣ 12 ዓመት ሙሉ ተከራከሩ። ጥፋተኛ የተባሉት በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ነው፤ ኮሎኔል መንግሥቱም ሐራሬ ተቀምጠው በሌሉበት ተፈረደባቸው።