ስንት ለስንት?

በእኛ ሰፈር የቅዳሜ ጠዋት ሰላምታ አጭር ነበረች። "እንዴት አደርክ?" የሚልህ የለም። ገና ፊትህን በቅጡ ሳትታጠብ አንዱ ከመንገዱ ማዶ ጮክ ብሎ "ስንት ለስንት?" ይልሃል። "2 ለ 1" ካልክ ደህና አድረሃል ማለት ነው። "ተወኝ ባክህ" ካልክ ግን ወይ ታመሃል፣ ወይ የአርሴናል ደጋፊ ነህ።

እኛ ያደግነው ፍኖተ ሰላም ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር ስትሄዱ ደንበጫንና ጅጋን አልፋችሁ፣ ማንኩሳና ቡሬ ሳትደርሱ የምታገኟት ከተማ። የዲኤስቲቪ ቤታችንን "ቤት" ማለት ይከብዳል። የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ወገብ የሚቆርጥ አግዳሚ ወንበር፣ ከፊት ለፊት ከፍ ብላ የተሰቀለች ቴሌቪዥን… በቃ። በሩ ላይ የጨዋታው ሰዓት በጠመኔ ይጻፋል፤ "ማንችስተር" የሚለው ቃል ሁለት ሳምንት ተከታትሎ አንድ ዓይነት ተጽፎ አያውቅም። ባለቤቱን ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ጋሼ ሦስት ሕግ ነበራቸው፦ ክፍያ በቅድሚያ ነው፣ መብራት ቢጠፋ ገንዘብ አይመለስም፣ ከገጠር የመጣ ሰው ዱላውን በር ላይ ያስቀምጣል። ሦስተኛው ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ከገበያ የተረፉ የገጠር ልጆች ጋቢያቸውን እንዳጣፉ ገብተው አጠገባችን ይቀመጡ ነበር። ዱላና ማንቼ አንድ ክፍል ውስጥ አይገቡም፣ ይሉ ነበር ጋሼ።

እውነቱን ለመናገር ጨዋታው ራሱ ያን ያህል አይጣፍጥም ነበር። የሚጣፍጠው ከጨዋታው በፊት ያለው ነው። ነሐሴ 2003 ዓ.ም. ማንቼ አርሴን 8 ለ 2 ካደረገው በኋላ የማንቼ ልጆች "ስምንት" የምትለዋን ቁጥር የግል ንብረታቸው አደረጓት። ሻይ ቤት ገብተው "ስምንት ስኳር!" ይላሉ። አርሴዎች በፊናቸው "በ1996 ዓ.ም. ሳንሸነፍ ዋንጫ ያነሳን፣ 49 ጨዋታ ያልተረታን!" ብለው ይነሳሉ። "49ኙን ማን አስቆመው?" ይባላሉ። በጥቅምት 1997 ዓ.ም. ያስቆመው ማንቼ ነው። ዝም። ደግሞ ቫንፐርሲ ወደ ማንቼ ሲሄድ ከመካከላችን አንዱ ሁለት ቀን ከቤት አልወጣም፤ እናቱ "ልጄን ምን አደረጋችሁት?" ብለው መጥተው ጠይቀውናል።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ጠብ አንድ ቀን ብቻ ቆሞ ያውቃል። እሑድ፣ ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም.።

ታስታውሳላችሁ። ከዚያ አንድ ዓመት በፊት ዋልያዎቹ በካርቱም 5 ለ 3 ተሸንፈው፣ አዲስ አበባ ላይ ሱዳንን 2 ለ 0 ረትተው ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አለፉ። ሰኔ 9 ቀን 2005 ዓ.ም. ደግሞ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1። ደስታችንን ሳንጨርስ በቦትስዋናው ጨዋታ መሰለፍ የማይገባው ተጫዋች ተሰልፏል ተብሎ 3 ነጥብ ተቀነሰብን። እሱንም ችለን ምድቡን በአንደኝነት ጨረስን። ከዓለም ዋንጫ የሚለየን ደርሶ መልስ ብቻ ቀረ። ባለጋራችን ናይጄሪያ ነበረች፤ የአፍሪካ ዋንጫን በዚያው ዓመት ያነሳችው።

ቅዳሜ ማታ ጋሼ ቤት ትንበያ ተሰበሰበ። 2 ለ 0፣ 3 ለ 1፣ አንዱማ 4 ለ 0። ጋሼ ሁሉንም ሰሌዳው ላይ በጠመኔ ጻፉት። ነገሩ ግን አንድ ነገር ጎደለው። የሚከራከር የለማ! ሁሉም በአንድ ወገን ከሆነ ማንን ትተርባለህ?

ከቡሬ በርበሬ ጭነው መጥተው መኪና የተበላሸባቸው አንድ ሽማግሌ በሩ ላይ ቆመው ሲያዩን ቆዩና "የኛዎቹ የትኞቹ ናቸው?" አሉ። ሌላ ቅዳሜ ቢሆን ኖሮ ቤቱ በጩኸት ይፈርስ ነበር። ያን ቀን ሁላችንም አንድ ስም ጠራን። "እንግዲያው እኔም ከእናንተ ጋር ነኝ" ብለው ገብተው ተቀመጡ። ያቺን መልስ እስከ ዛሬ አንረሳትም።

ከዚያ ያ ቫንፐርሲ ያሳመመው ጓደኛችን ተነሳ። "2 ለ 1 ናይጄሪያ" አለ።

ቤቱ ጸጥ አለ። ከዚያ ወረድንበት። "ባንዳ!" አልነው። አንዱ ጠመኔውን ከጋሼ እጅ ሊነጥቅ ተጋፋ። ጋሼ ግን "የከፈለ ሰው ይናገራል" ብለው ጻፉለት። ልጁ "የምወዳቸውን አይደለም የተናገርኩት፣ ያየሁትን ነው" አለን። አልሰማነውም።

በማግስቱ በኃይሉ አሰፋ ሲያገባ ጣሪያው ላይ ያለው ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ። አሥር ደቂቃ ያህል ብራዚል ነበርን። ከዚያ ኤመኒኬ አቻ አደረገ። በመጨረሻው ደቂቃ ያው ኤመኒኬ በፍጹም ቅጣት ምት ደገመ። 2 ለ 1 ናይጄሪያ። ሁላችንም ወደ ሰሌዳው ዞርን። ጓደኛችን ውርርዱን አሸንፏል፤ የሰው ሁሉ ሻይ በነጻ ይገባዋል። እሱ ግን ሰሌዳው ጋ ሄዶ የጻፈለትን ቁጥር በእጅጌው አጠፋውና ወጣ። ሻይ አልጠጣም። በኅዳርም ካላባር ላይ 2 ለ 0 ተሸንፈን ነገሩ አበቃ፤ ያኔ ማንም አልተነበየም።

እኛ ያን ቀን አንድ ነገር ተማርን። ሽንፈትን አስቀድሞ የተናገረ ሁሉ ሽንፈትን አይመኝም። ከኳስ ውጭ ባለው ነገራችን ይህን ብናውቅ ስንት "ባንዳ" የሚል ስድብ በቀረ ነበር!

ለነገሩ ትንበያም እንደ ድሮው አልቀጠለም። በኋላ የውርርድ ቤቶች መጡና ትንበያችን በወረቀት ታትሞ ወጣ። ዱሮ በሻይ የሚወራረደው ጓደኛ በአንድ ትኬት አሥር ቡድን መደገፍ ጀመረ። ልቡ አርሴ፣ ኪሱ ማንቼ! አርሴ ሲያገባ የሚያዝን የአርሴ ደጋፊ አይተናል። እሱን እንዴት ትተርበዋለህ? የራሱ ችግር ይበቃዋል።

ከዚያ የባሰው መጣ። ከክረምቱ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን ጦርነት ሆነ፤ ኢንተርኔቱም ለወራት ተዘጋ። ማታ ተሰብስቦ ኳስ ማየት ይቅርና ማታ መውጣት ራሱ አስፈሪ ሆነ። አዲስ አበባ ያለን ልጆች ጨዋታ እያየን ዓይናችን ስልካችን ላይ ነበር። የሚሳደብ ሰው ጠፋ። ሰው ስድብ ይናፍቃል ወይ? ይናፍቃል።

አንድ ቅዳሜ በመደበኛው መስመር ቡሬ ያለው ጓደኛችን ተገኘ። "ቤተሰብ ደህና ነው?" አልነው። "ደህና ነን" አለ። እንደዚያ የሚለው ሁሉ ደህና እንዳልሆነ እናውቃለን፤ ስለዚህ ዝም ብለን ጠበቅን። ብዙ ቆየና በዚያችው በድሮዋ ድምፁ፦

"ዛሬ ስንት ለስንት?" አለን።

ያኔ ነው ደህና መሆኑን ያመንነው። ሦስታችንም በአንድ ጊዜ ጮኸን መለስንለት፤ ሦስታችንም የተለያየ ቁጥር። እሱም በተራው ሰደበን።